ቅድሚያ ዳገት ለሚወጣ

የከባዱ መኪና ሾፌር ከጋቢናው አልወረደም፤ ሁለት እጁ መሪው ላይ፣ ቀኝ እግሩ ፍሬኑ ላይ ነበር። ረዳቱ ከመኪናው ኋላ ተንበርክኮ ጎማው ሥር የወሸቀውን ድንጋይ ይጠብቃል። በሲሚንቶው ጭነት ላይ ተቀምጠው የመጡት ወንዶች ወርደው ከታች፣ ከኩርባው ዳር ተሰብስበዋል። የሙሽራው አጎት ከዘራቸውን ተደግፈው በሁለቱ መኪኖች መካከል ቆመዋል። ሁለቱ ሚዜዎች ከዓለቱ ሥር ተጠግተዋል። የእኛ ሾፌር በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን መሬት አውርዷል። ሦስቱ የሰርግ መኪኖች ከእኛ ኋላ፣ ሽቅብ ተሰልፈው ቆመዋል፤ እዚያ ውስጥ ማን የት እንደነበረ አላየሁም። እኔ ከኋላ ወንበር፣ በገደሉ በኩል ካለው መስኮት አጠገብ ነበርኩ። መሀል ላይ ሙሽራው፣ በዓለቱ በኩል ደግሞ አክስቱ ተቀምጠዋል።

ሙሽራዋ እኔ ነበርኩ።

ቦታው ደንገጎ ነው፣ ከዓለማያ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ። ያን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አባቴ ዓለማያ አጠገብ መሬት ነበረው፤ እኔ ግን የተማርኩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ የእናቴ ዘመድ ቤት ተቀምጬ ነው። ትምህርት ሲዘጋ እወጣለሁ፣ ሲከፈት እወርዳለሁ። ያኔ በዚያ መስመር የሚሠሩት መኪኖች ሕጉ ከሚፈቅደው በላይ ሰው ይጭኑ ነበር። ሕጉ በሩ ላይ በነጭ ቀለም ተጽፏል፤ ይህን ያህል ሰው፣ ይህን ያህል ኩንታል ይላል። ከተማው መግቢያ ላይ ኬላ አለ፣ ኬላው ላይ ትራፊክ ፖሊስ ይቆማል። ስለዚህ ሾፌሮቹና ተሳፋሪዎቹ አንድ ልማድ ነበራቸው። ኬላው ሊታይ ሲል መኪናው ይቆማል። ትርፍ የሆኑት ይወርዳሉ። መኪናው ተቆጥሮ ያልፋል፤ የወረዱት ደግሞ ገበያ እንደሚሄድ ሰው በእግራቸው ኬላውን አልፈው ከወዲያ በኩል ይሳፈራሉ። ማንም አያፍርበትም ነበር። ፖሊሱም ያውቃል፤ እሱ የሚቆጥረው መኪናው ውስጥ ያለውን ነው። ልጅ ስለነበርኩና ዕቃ ስለማልይዝ ሁልጊዜ ከወራጆቹ መካከል ነበርኩ። «አንቺ ቀላል ነሽ፣ ውረጂ» ይሉኛል። ገንዘብ የከፈልኩበትን መንገድ በእግሬ እሄዳለሁ እያልኩ አጉረመርም ነበር፤ ያውም በሆዴ።

ሕጉን ራሱን ያወቅሁት በታላቅ ወንድሜ ነው። መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ፈተና ሲያጠና ጠያቂው እኔ ነበርኩ። እሱ ግድግዳ ተደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እኔ አነባለሁ።

«ተሳፋሪ በየት በኩል ይወርዳል?»

«በመንገዱ ዳር በኩል፣ መኪናው ሲቆም።»

«ከኩርባ በፊት ሾፌሩ ምን ያደርጋል?»

«ፍጥነት ይቀንሳል፣ ክላክስ ይነፋል፣ ያዳምጣል።»

«ሁለት መኪኖች በጠባብ ዳገት ላይ ቢገናኙስ?»

«ቅድሚያ ለሚወጣው ነው። መተላለፊያ ከሌለ የሚወርደው ወደ ኋላ ይመለሳል።»

ለምን እንደሆነ ጽሑፉ አይልም ነበር። ወንድሜን ስጠይቀው፣ «የሚወጣው ጭነቱ ወደ ኋላ ይስበዋል። አንዴ ከቆመ መነሳቱ ጭንቅ ነው፤ ወደ ኋላ መሄዱ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው» አለኝ። እሱ ፈቃዱን አውጥቶ ሩቅ አገር በሾፌርነት ተቀጠረ፤ ለሰርጌም አልደረሰም። እኔ ዘንድ የቀረው ጥያቄና መልሱ ነው። አሁንም ወደ ሳቢያን ሰፈር በሚኒባስ ስሄድ የተሳፈረውን ሰው እቆጥራለሁ፤ ማንም ባይጠይቀኝም።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነበር፣ የበልግ ዝናብ ሳያባራ። ሙሽራው ድሬዳዋ በአንድ ንግድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ይሠራል። ከዚያ ቀን በፊት ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰው በተሰበሰበበት። እናቱ ልማዱ ስለማይፈቅድ ከሙሽራ ወሳጆቹ ጋር አልመጡም፤ ከተማ ቤታቸው ሆነው ይጠብቁን ነበር። በእሳቸው ምትክ የመጡት አጎቱና አክስቱ ናቸው።

በማለዳ፣ ገና ሳይገቡ፣ አጎቱ ከአባቴ ጋር ስለ መኪናው ተነጋገሩ። ሙሽራ የተሳፈረችበት መኪና ወደ ኋላ መሄድ የለበትም አሉ። ግቢያችን ጠባብ ስለነበር መኪናው በገባበት በር ለመውጣት ወደ ኋላ ማለቱ አይቀርም። አባቴ ሰዎች ጠርቶ በሌላ በኩል ያለውን አጥር አስፈረሰ። ያን አጥር በዚያው ዓመት ነበር ያሳጠረው። መኪናው በበሩ ገብቶ ሳይመለስ በፈረሰው በኩል ወጣ።

ነገሩ ተራ ወግ መስሎኝ ነበር። ምክንያቱን አክስቱ የነገሩኝ መኪናው ውስጥ ከገባን በኋላ ነው። የሙሽራው ታላቅ እህት ስታገባ ሾፌሩ መንገድ ስቶ መውጫ የሌለው ጠባብ መንገድ ውስጥ ገባና ወደ ኋላ እየነዳ ወጣ። ዓመት ሳይሞላ እናቷ ቤት ተመለሰች። እስከ ዛሬም እዚያው ናት አሉኝ። «እናቱ ያንን አልረሳችም። ወንድሟን፣ ይህች ልጅ በመኪና ስንዝር ወደ ኋላ ብትሄድ ደጄን አትርገጥ ብላዋለች» አሉ። ሙሽራው ወደ ውጭ ይመለከት ነበር። እኔም መጠየቅ አልችልም፤ ሙሽራ ከቤቷ ወጥታ አማቶቿ ቤት እስክትገባ አትናገርም።

የእኛ ሾፌር የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ በቤቱ ሱማልኛ የሚናገር፣ ረጋ ያለ ሰው። ከመነሳታችን በፊት መኪናዋን ዞሮ አየና ወደ አጎቱ ቀረበ።

«ጋሼ፣ እኔን ጨምሮ አምስት ሰው ነው የሚፈቀደው። ስድስት ነን።»

«ሰርግ ነው እኮ ልጄ። ሰርግ ይቆጠራል እንዴ?»

«ሰርጉን አልቆጠርኩም። ሰውን ነው፤ ትራፊኩም የሚቆጥረው ሰውን ነው።»

«ኬላው ጋ ስንደርስ ሁለተኛው ሚዜ ወርዶ በእግሩ ያልፋል።»

ሾፌሩ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ገባ። አጎቱ ከኋላችን ባለው መኪና ተሳፈሩ።

ሚዜዎቹ ከፊት ወንበር ነበሩ። መስኮቱን ከፍተው ወገባቸውን እያወጡ ይዘፍናሉ፣ በሩን በመዳፋቸው ይመታሉ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ሾፌሩ፣ «ጭንቅላታችሁን አስገቡ። ይሄ ዓለት ሚዜ አያውቅም» አላቸው። ሳቁ፤ ግን ገቡ።

ሌሊት ዝናብ ጥሎ ነበር። በየቦታው ከላይ የወረደ አፈርና ድንጋይ መንገዱ ላይ ተበትኗል። በእኔ በኩል በመስታወቱ ወደ ታች ሳይ መንገዱ አይታየኝም፤ የሚታየኝ ከሥራችን ተጠማዝዞ የሚወርደው ሌላው መንገድ፣ ከዚያም ሥር ሌላው ነው። እዚያ ታች አህያ የሚነዱ ሴቶች ይሄዱ ነበር። እጄን ከበሩ እጀታ ላይ አላነሳሁም።

ሾፌሩ እያንዳንዱ ኩርባ ጋ ሲደርስ ቀስ ይልና ክላክስ ይነፋል፤ ከዚያ አንገቱን ዘንበል አድርጎ መልስ ይጠብቃል። ወንድሜ እንደመለሰልኝ ነው የሚያደርገው። ግን የሚያዳምጥበት ጊዜ አልነበረውም። የሰርግ ክላክስ ማቆም ስለማያውቅ ከኋላችን ያሉት ሦስት መኪኖች አንድ ላይ ይጮኻሉ። በታች በኩል የሚመልስ ቢኖር እንኳ አይሰማም። ሾፌሩ እጁን በመስኮት አውጥቶ ዝም እንዲሉ ምልክት ሰጣቸው። እነሱ ሰላምታ መስሏቸው ጨምረው ነፉ። ሚዜዎቹም እጃቸውን አውጥተው አወዛወዙ። በልቤ፣ አሁን አንድ መኪና ቢመጣስ፣ እያልኩ ነበር።

መጣም። አንዱን ኩርባ እንደዞርን ከባዱ መኪና ከፊታችን ነበር። የእኛ ሾፌር ፍሬኑን ረገጠ፤ አክስቱ ግንባራቸውን ከፊት ወንበር ጋር አጋጩ። ከዓለቱ የወረደው ናዳ ግማሹን መንገድ ዘግቶታል፣ የተረፈው ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ ነው። እሱ እየወጣ ነበር፣ እኛ እየወረድን። በሁለቱ መኪኖች መካከል ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይቆምም። ከጭነቱ ላይ ያሉት ሰዎች በኋላ በኩል እየዘለሉ ወረዱ። ረዳቱ ከናዳው ድንጋይ እያነሳ ጎማው ሥር ወሸቀ።

«መንገድ ስጡኝ!» አለ የከባዱ መኪና ሾፌር በመስኮቱ። ሽበት የጀመረው ሰው ነው። «አቦ ፍጠኑ፣ ፍሬኑ እየሰመጠብኝ ነው።»

አጎቱ ከኋላ መጡ። ኮፍያቸውን አነሱለት።

«እንደምን ዋልክ ወንድሜ። ሙሽራ ይዘናል።»

«እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔ ሲሚንቶ ይዣለሁ። ወደ ኋላ በሉልኝ።»

«ሌላ ቀን ቢሆን ደስ እያለን ነበር። ሙሽራ የያዘ መኪና አይመለስም። አንተ ጥቂት ወደ ታች ብትልልን…»

«ወደ ታች መሄዱን መኪናውም ፈልጎታል ጋሼ። እኔ ነኝ የከለከልኩት።»

ከታች፣ ቀጣዩ ኩርባ ጋ የቆሙት ሰዎች ሳቁ። ፀጉራቸውና ቅንድባቸው በሲሚንቶ ብናኝ ተለውሶ ሁሉም ሽማግሌ መስለዋል። አንዱ፣ «እኛም ነጭ ለብሰናል፣ ሚዜ ቁጠሩንና አሳልፉን!» ብሎ ጮኸ። ሚዜዎቹም ፈገግ አሉ። ከዚያ ከጎማው ሥር አንድ ነገር ሲፈረከስ ተሰማና ሳቁ ቆመ።

«ድንጋዩ አፈር ነው!» አለ ረዳቱ። «ሌላ አምጡልኝ!»

ሚዜዎቹ በካባቸው ድንጋይ ተሸክመው በጠባቡ በኩል አቀበሉት። አንደኛው ድንጋይ ሲቀመጥ ሌላኛው ይፈርሳል። የናዳ ድንጋይ በዝናብ የራሰ ነው፤ ጎማ አይችልም።

የእኛ ሾፌር አጎቱን ጠራ። ድምፁን አላሳነሰም።

«ጋሼ፣ መንገዱ የሱ ነው። የሚወጣው ቅድሚያ አለው፣ ሕግ ነው። ትንሽ ከፍ ብሎ ሰፊ ቦታ አለ። ከኋላ ያሉት መጀመሪያ ይመለሱ፣ እኔ እከተላለሁ።»

«ሕጉን መቼ አጣሁት ልጄ?»

«እና?»

«ማታ እህቴ ፊት የምቆመው አንተ ነህ ወይስ እኔ?»

«ዋላሂ፣ ይሄ ሰው ገደል ቢገባ ማን ፊት እንቆማለን?»

አጎቱ ወደ ከባዱ መኪና አዩ። ከዘራቸው መሬቱን ይነካካ ነበር፤ ይህን የሚያደርጉት ሆን ብለው እንዳልሆነ አየሁ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ወደ ሙሽራው ዞረው በመስኮቱ ተመለከቱት። ሙሽራው መሐረቡን አውጥቶ መዳፉን ጠረገ፣ እንደገና አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«እርስዎ እንዳሉ ነው» አለ።

«ትመለሳለች ካላችሁ እኔን እዚሁ ጣሉኝ» አሉ አክስቱ። ከዚያም ማርያምን መጥራት ጀመሩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

ከባዱ መኪና ሸርተት አለ። ብዙ አይደለም፤ ከፊታችን የነበረው ክፍተት ሰፋ ብሎ ታየ። ረዳቱ ጮኸ፣ መኪናውም ቆመ። ከታች ያሉት ሰዎች ተበተኑ። አንዱ፣ «ዝለል! ተወው፣ ዝለል!» አለው ሾፌሩን።

«ብዘልስ መኪናው የት ይሄዳል?» አለ ሾፌሩ። «ከታች መንገዱ ላይ ሰው አለ።» ፊቱ በላብ ርሷል፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ከተቀመጥኩበት ይታየኝ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሙሽራው እግር ካለው መጥቶ ይርገጥልኝ፣ የኔ ዛለ!» አለ። በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም።

በመስታወቱ ወደ ታች አየሁ። አህያ የሚነዱት ሴቶች ከሥራችን ያለው መንገድ ላይ ደርሰዋል። ወንድሜ ግድግዳ ተደግፎ የመለሰልኝ መልስ በጆሮዬ አለ። መልሱን የእኛ ሾፌር ተናግሮታል፤ አጎቱም ያውቁታል። የጎደለው ሕጉን ማወቅ አልነበረም። አጎቱ መኪናው እንዳይመለስ ብለው ሰውየውን ሊያስገድሉት አልፈለጉም፤ እኔንም ወደ ኋላ መልሰው እህታቸው ቤት ሊገቡ አልቻሉም። በሩ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈው ቁጥር ከመስታወቱ ሥር ነበር። ሁለተኛው ሚዜ ኬላው ጋ ወርዶ በእግሩ ያልፋል መባሉ ትዝ አለኝ። መኪናው ሌላ ነው፣ ተሳፋሪው ሌላ ነው። ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ ወርጃለሁ።

በእኔ በኩል ያለው በር ወደ ገደሉ ይከፈታል። መውረጃው በአክስቱ በኩል ነው።

«እትዬ፣ ይውረዱልኝ» አልኩ።

ዓይናቸውን ገለጡ። ድምፄን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ምን ሆንሽ? አመመሽ?»

«አላመመኝም። እኔ ልውረድ።»

«የት? ሙሽራ በእግሯ? በዚህ ጭቃ?»

«መኪናው ይመለስ። እኔ አልመለስም፤ ወደ ፊት አልፌ ከወዲያ በኩል ያገኘኛል።»

 የእኛ ሾፌር ዞር ብሎ አየኝና ሳቅ አፈነው። «ኬላ አደረገችው! ጋሼ፣ ሰሙ? ሙሽራዋ ኬላ አደረገችው!»

አጎቱ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ። ነገሩን ሁለት ጊዜ አስነገሩት። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፣ «ወደ ፊት ከሄደች ወደ ኋላ አልሄደችም። መኪናው ሲመለስ ሙሽራ አልያዘም» አሉ። አክስቱን አዩ። 

«እግሯ ግን አንዴ እንኳ ሽቅብ እንዳይረግጥ» ብለው አክስቱ በሩን ከፈቱ።

አክስቱ ወረዱ፣ ሙሽራው ወረደ፣ እኔ ወረድኩ። የቬሎዬን ጫፍ ሰብስቤ ያዝኩ። ነጭ ጫማዬ በመጀመሪያው እርምጃ ጭቃ ውስጥ ገባ። ሙሽራው ሊከተለኝ ሲል ረዳቱ ከኋላ፣ «አንድ ሰው ብቻ! መንገዱ ላይ አትብዙ!» ብሎ ጮኸ። ሙሽራው ከዓለቱ ጋር ተጣብቆ ቆመ። እጁን ዘርግቶ ነበር፤ አልያዝኩትም፣ ሁለቱም እጆቼ ቀሚሱን ይዘዋል።

በናዳውና በከባዱ መኪና መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ነው። የሞተሩ ሙቀት ጎኔን ነካኝ፤ የተቃጠለ ፍሬን ይሸታል። በሾፌሩ መስኮት ሥር ሳልፍ ራሱን አላዞረም።

«ሂጂ ልጄ፣ አትቁሚ» አለኝ።

ከኋላው ጎማ ጋ ስደርስ ረዳቱን አየሁት። ሁለት እጁ ድንጋዩ ላይ ነው፣ ጣቶቹ ከጎማው በጣም የቀረቡ ናቸው። ድንጋዩ ጫፍ ጫፉ እየተቆረሰ ነበር። በዚያ በኩል ለማለፍ ከመኪናው ኋላ፣ ቢንሸራተት በሚሄድበት ላይ መራመድ ነበረብኝ። አልሮጥኩም፤ በዚያ ጫማ ብሮጥ እወድቃለሁ። ሲሚንቶ የለበሱት ሰዎች ወደ ዳር ሸሽተው መንገድ ሰጡኝ። አንዱ ጥምጣሙን አስተካከለ። ማንም አልቀለደም።

የታችኛውን ኩርባ ዞሬ ቆምኩ። ከዚያ የሚታየኝ የከባዱ መኪና ጀርባ ብቻ ነው፤ የቀረውን በጆሮዬ ነው የተከታተልኩት። መጀመሪያ የመጨረሻው የሰርግ መኪና የኋላ ማርሽ ሲያስገባ ተሰማ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ አጎቱ የመጡበት። ክላክስ የሚነፋ የለም። የእኛ መኪና ለመነሳት ዘገየች መሰለኝ፤ ሞተሯ ጮኸ፣ እየራቀ ሄደ። ረዳቱ ከመሬት ተነሳና የመኪናውን ጎን በመዳፉ መታ፤ «በል! በል!» አለ። ከባዱ መኪና ጥቁር ጭስ ተፋ። ጎማው ድንጋዩን ወደ እኛ ፈነጠረው፣ ጥቂት ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሽቅብ ሳበ። ናዳውን አልፎ ሄደ። ሾፌሩ እጁን በመስኮቱ አወጣ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም። ሰዎቹ እየተንጫጩ ተከተሉት፤ ወደ ጭነቱ ሊወጡ ነው። ረዳቱ ግን ወደ ኋላ ቀርቶ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ከመንገዱ ወደ ዳር አንከባለላቸው። ያም ከወንድሜ ጥያቄዎች መካከል ነበር። ሲጨርስ እኔን አይቶ ራሱን ነቀነቀና እየሮጠ ሄደ።

መንገዱ ባዶ ሆነ። ከላይ የአጎቱ ድምፅ መጣ። «እዚያው ጠብቂ! መኪናው ይመጣልሻል!» አክስቱም አንድ ነገር አሉ፤ ንፋሱ ወሰደው።

ቆሜ አልጠበቅሁም፤ መኪናው በመንገድ ያገኘኛል። ከታች አህያ የሚነዱት ሴቶች ምንም ሳያውቁ ኩርባውን ዞረው እየመጡ ነበር። ከእነሱ በታች ድሬዳዋ በሙቀቱ ውስጥ ተዘርግታ የቆርቆሮ ጣሪያዋ ያብለጨልጫል። ቬሎዬን ከፍ አድርጌ ያዝኩና በመንገዱ ዳር ቁልቁል ሄድኩ።